ባለቤቱ ይሸከመው

ሳጉሬ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርሻ
ዴራ

እንደምን ከርመዋል? ደረትዎስ? የዴራ ሙቀት እንደተስማማዎ ሚፍታ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። ጆሮዎ ግን እንደ ነበረ ነው አሉ፤ ለዚያ አዝኛለሁ። ስልክ ቢደወልልዎ ስለማይሰሙ በወረቀት መጻፉን ለምጄዋለሁ። የሚፍታ ሚኒባስ አሰላን አልፎ ዴራ ስለሚደርስ ፖስታ ቤቴ እሱ ሆኗል።

"አዲሱ አሠራር እንዴት ይዞሻል?" ብለው ለጠየቁኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፦ እጅ እጅ ብሎኛል። እርስዎ ከምሥረታው ጀምሮ የመሩትን የወተት ማኅበር ተረክቤ ዓመት ሳይሞላኝ ወተት ሳይ የሚያቅለሸልሸኝ ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ።

ገዢያችን መኪና ሙሉ ወተት መልሶብናል። ውሃ አለበት ነው የሚለው። ሁለተኛ ጊዜው ነው። ከገና በፊት መርማሪ እንደሚልክ፣ ያኔም ካልተስተካከልን ውሉን እንደሚያቋርጥ አስታውቆናል። ጾም ሲገባ ወተት ፈላጊ ስለሚያንስ ገዢ እንዴት እንደሚኮራ እርስዎ ያውቁታል። ይሄኛው ከሄደ ሌላ የለንም። ማኅበሩ ያበቃለታል፤ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ይዘው መንገድ ዳር ሊቆሙ ነው።

ቦርዱ ያወጣው ለውጥ በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱን ወተት በራሱ ጀሪካንና በራሱ ቁጥር ያምጣ፣ ወተት ተረካቢያችን ሐዊ በር ላይ ቆማ ያቺን የምትንሳፈፍ የብርጭቆ መለኪያ ነክራ ትፈትሸው፣ ውሃ ካለበት ትጠልቃለች፤ ወተቱም አይገባም። ችግሩ ዊጆ ነው። ጎረቤታሞቹ ሴቶች የየዕለቱን ወተት በአንድ ዕቃ ቀላቅለው በተራ ለአንዷ እንደሚሰጡ ያውቃሉ። የስድስት ቤት ወተት በአንዷ ስም እየገባ ውሃው ከየትኛዋ ቤት እንደወጣ ማን ይለየዋል? ስለዚህ ዊጆ ይቅር ተባለ። የሴቶቹ አንጋፋ አዴ አሚራ ተነሱና "ሂን ታኡ!" አሉ። አይሆንም ማለታቸው ነው። ሴቶቹ ሁሉ ከኋላቸው ቆሙ።

እንቢታውን ለማሸነፍ ተብሎ አሰላ ውስጥ ሆቴል ተከራይተን ስልጠና ተሰጠን። ኃይለየሱስ የሚባል አሰልጣኝ ከአዳማ መጣ። "ለውጥን የሚቃወሙ ሰዎች" ብሎ በትልቅ ወረቀት ላይ ስማችንን በቀለም ከፋፈለ። አዴ አሚራን በቀይ ጻፋቸው፣ እዚያው ፊቱ ቁጭ ብለው! ማንበብ ስለማይችሉ አይገባቸውም ብሎ ነው። አጠገባቸው የነበረችው ምራታቸው አነበበችላቸው። ለሻይ ስንወጣ ደግሞ ለወተት ማኅበር አባላት ሻይ በዱቄት ወተት ቀረበ። ሴቶቹ አሽትተው አስቀመጡት። እኔ አፍሬ ጨለጥሁት፤ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ።

ሊቀመንበራችን ነገሳ ግን ሲያጨበጭብ ዋለ። "ለውጡን የምጀምረው እኔ ነኝ፣ አንደኛ ጻፉኝ!" እያለ። እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ፦ ነገሳ ሦስት ላም ነው ያለው። በየማለዳው የሚያስገባው ወተት ግን ሦስት ላም የሚሰጡት አይደለም። ከየት ነው የሚያመጣው? በእርስዎ ጊዜም እንዲህ ነበር?

አክባሪዎ ጽጌሬዳ


ዴራ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጽጌሬዳ

የጌታችን ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። እኔ በጌታ ምሕረት ደህና ነኝ። ሌሊት ሌሊት ሳሉ ትንሽ ይነሳብኛል እንጂ ቀኑን ፀሐይ እየሞቅሁ ከልጅ ልጆቼ ጋር እውላለሁ። የላክሽልኝ ቅቤ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ።

ልጄ፣ አትናደጂ። ሰው አዲስ ነገር ሲመጣበት መጀመሪያ ይፈራል፤ የሚፈራውም የያዘውን እንዳያጣ ነው። እኔም ማኅበሩን ሳቋቁም እንዲሁ ነበር። ያኔ "ወተታችንን ሊወስድብን ነው" ብለው በዱላ ያባረሩኝ ነበሩ። ታገሻቸው፤ ደጋግመሽ አስረጃቸው፤ የከበሩትን ሰዎች አስቀድመሽ ያዢ፤ ሌላው ይከተላል። ጥቅሙን በዓይናቸው እንዲያዩት አድርጊ። ዊጆን ግን ማስቀረቱ ግድ ነው። የተቀላቀለ ወተት ኃላፊነት የለውም፤ ሁሉም ከሌላው ጀርባ ይደበቃል። በዚህ አትለሳለሺ።

ስለ ነገሳ የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። ታታሪ ሰው ነው። በጸሎትሽ አስቢው። ለሐዊ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። እዚህ ዝናቡ ቀደም ብሎ ቆመ፤ ማሽላው ግን ደህና ነው።

አባትሽ መርሻ


ሳጉሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርሻ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። "ወተቱ ይደፋ ያለው የማን ጥጋበኛ ነው?" ብለው፣ ወሬው ቀድሞ ደርሶዎት፣ በመሃል በቁጣ የጻፉልኝ ደርሶኛል። ቁጣዎ ተገቢ ነው። ይደፋ ያለው ኃይለየሱስ ነው፣ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ።

"የተመለሰ ወተት ነገ በሌላ ጀሪካን ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰው እያየ ይደፋ፤ ትምህርት ይሆናል" አለኝ። ሥራው በተጀመረ ጠዋት ግቢው ሙሉ ነበር። መጀመሪያ በመለኪያው የወደቀው እነ አዴ አሚራ እንቢ ብለው እንደ ቀላቀሉ ያመጡት የዊጆ ጀሪካን ሆነና እዚያው በሴቶቹ እግር ሥር ተገለበጠ።

እኔ አሰላ ከተማ ነው ያደግሁት፤ ወተት ለእኔ ከሱቅ በፌስታል የሚገዛ ነገር ነው። እነሱ ዘንድ ግን ወተት መሬት ላይ እንደማይደፋ ማን ነገረኝ? ውሃም ይኑረው ይቆምጥጥ፣ ለጥጃ ይሰጣል፣ ይረጋል እንጂ አፈር አይነካም። ድንገት ቢፈስባቸው እንኳ አይረግጡትም። እኔ አልጠየቅሁም፤ ይሄ ጥፋቴ ነው። እርስዎ ግን በስማም፣ ከእነሱ ጋር ያረጁ ሰው፣ "ጥቅሙን በዓይናቸው ይዩት" ብለው ሲመክሩኝ ይቺን ቢጨምሩልኝ ምን ነበረ?

አዴ አሚራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዞሩ። ሌሎቹም ያልተፈተሸ ወተታቸውን እንደያዙ ተከተሏቸው። ግቢው ባዶ ሆነ። ኃይለየሱስ ደስ ብሎት ስልኩን አወጣና የተደፋውን ወተት ፎቶ አነሳ፣ ለሪፖርት። ውሾቹ ሲልሱት፣ ዝንቡ ሲወርረው፣ እሱ እግሩን እያነሳ ጥሩ ማዕዘን ይፈልጋል። ጓሮ ሄጄ እውነቴን ነው የምልዎ አስመለስሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ የሉም። የሚያስገቡት ጥቂት ወንዶች ናቸው፤ ከፊታቸው ደግሞ ነገሳ። የእሱ ጀሪካን ይፈተሽ ብላ ሐዊ ስትጠጋ "እኔ ሊቀመንበሩ ነኝ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ" ብሎ በጎን ያልፋል። እኔም ሴቶቹ በቀሩበት ሰዓት እሱም እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ዝም አልሁ። በዚህ ዝምታዬ ራሴን ተጸየፍሁት።

ምን ላድርግ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ጽጌሬዳ


ዴራ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽጌሬዳ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ባለፈው ቃሌ ከርሮ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የሽማግሌ ቁጣ ነው። ስለ ወተቱ መደፋት ያልነገርኩሽ ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።

መፍትሔው አይከብድም። አሚራን ያዢያት። ቦርዱ ውስጥ ወንበር ስጫት፣ የማኅበሩ ስም ያለበት ጃኬት አሰፊላት፣ በስብሰባ ላይ ስሟን አስቀድመሽ ጥሪ። አንዴ ከኛ ጋር ከተቀመጠች ጩኸቷ ይቀንሳል። ሌሎቹ ያለ እሷ አይንቀሳቀሱም። እኔ ብዙ አስቸጋሪ ሰው በዚህ መንገድ አለዝቤያለሁ።

ነገሳ ባለፈው ሰኞ ማር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጤናዬን ሊጠይቅ ነው። ስላንቺ በጎ በጎውን ነው ያወራኝ። ጥቂት ቸኩላለች ብሏል እንጂ።

ሌላ ዜና የለም። ሳሉ ቀንሶልኛል።

መርሻ


ሳጉሬ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርሻ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመዘግየቴ ይቅርታ፤ የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ጠበቅሁ።

ጃኬቱን አላሰፋሁም። አዴ አሚራ ቤት ግን ሄጃለሁ። እበረቱ ደጃፍ ላይ አቆሙኝ፤ ግቢም አላሉኝ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ይቅርታ ልጠይቅዎ መጣሁ።"

"እኔን ነው ወተቱን?"

"ሁለታችሁንም።"

ዱካ አመጡልኝና አስቀመጡኝ። እኔ ሞኟ፣ የእርስዎን ምክር ደግሞ ልሞክር ብዬ የቦርድ ወንበሩን ነገር አነሳሁ። ሳቁብኝ። "እዚህ ዱካዬ ላይ ተቀምጠሽ ሌላ ወንበር ትሰጪኛለሽ?" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ቀጥለው የነገሩኝን በቃላቸው ልጻፍልዎ። "ውሃ የምትጨምር የለችም አልልሽም። አለች። እኔ አውቃታለሁ፤ ጎረቤቶቿም ያውቋታል። መለኪያሽን ጠልተን አይደለም። የድሃዋ ተደፍቶ የጌታው በጎን ሲያልፍ አይተናል፤ እሱን ነው እንቢ ያልነው።" እኔም አብሬያቸው ቆሜ ያየሁትን ነው የሚነግሩኝ። ያ ሁሉ ስልጠና፣ ያ ሁሉ ቀለም፣ ለምን እንቢ አላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ እሳቸው ሁለት ነገር ጠየቁ። ዊጆው ይቆይ፤ ሐዊ ግን ወተቱ ከመቀላቀሉ በፊት እየዞረች የእያንዳንዷን ለየብቻ ትፈትሽ። የወደቀውም አይደፋ፤ ይመለስ። ባለቤቱ ራሱ፣ ሙሉውን ጀሪካን ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ በገበያው መንገድ ወደ ቤቱ ይውሰደው። መንገድ ላይ "ወዴት ነው?" ለሚለው ሁሉ ይመልስ።

"ሊቀመንበሩም?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ሊቀመንበሩም።"

"ማዪልኝ።"

በአባቴ አጥንት ማልሁላቸው።

በማግስቱ ሴቶቹ መጡ። መጀመሪያ የተመለሰችው ማን ትመስልዎታለች? የራሳቸው የአዴ አሚራ ምራት። ልጅቷ እያለቀሰች ተሸከመችው፤ አማቷ ከጎኗ ቀስ ብለው እየሄዱ፣ ጠያቂ ሲመጣ እሳቸው "ውሃ ጨምራ ነው" እያሉ ይመልሱላታል። ርኅራኄም ጭካኔም ነው፤ ለየቱ እንደማደላ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከሴቶቹ ወተት መለኪያው ላይ የወደቀ የለም ማለት ይቻላል።

የቦርድ አባላት ፍተሻ፣ የነገሳም፣ የሚጀምረው ከነገ ወዲያ ነው። ጥያቄዬ አሁንም ጥያቄ ነው፦ ሦስት ላም ያን ሁሉ ወተት ከየት ነው የሚያመጡት?

ጽጌሬዳ


ዴራ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌሬዳ

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ሴቶቹ በመመለሳቸው ጌታን አመሰግናለሁ። ሥራሽ ፍሬ አፍርቷል።

ነገር ግን ሁለት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛ፣ መማልሽ። ቃሉ አትማሉ እያለ አንቺ በአባትሽ አጥንት? ይሄ ተገቢ አይደለም፤ ንስሐ ግቢበት። እንዲህ ያለ መሐላም የሚያስር አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ለውጥ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ሁሉን በአንድ ጊዜ የነካ ሁሉን ያጣል። ሴቶቹን ይዘሻል፤ ትልቁን ሥራ ሠርተሻል። የቦርዱን ሰዎች፣ በተለይ ነገሳን፣ ለጊዜው ተዪው። ከፋሲካ በኋላ ቀስ ተብሎ ይደረስበታል። መርማሪው በሚመጣበት ሰሞን ሊቀመንበሩን በአደባባይ ማዋረድ ማኅበሩን ማፍረስ ነው። ለማኅበሩ ከኔ በላይ የሚቆረቆር እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ስለ ላሞቹ ደጋግመሽ መጠየቅሽ ደስ አላለኝም። የሰው በረት መቁጠር ምን ይጠቅምሻል?

ሳሉ ተነስቶብኛል። መጻፍም አደከመኝ።

መርሻ


ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ መርሻ

ጤናዎን ይመልስልዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነገሩ ሆኖ ነበር። ቀድሞ ቢደርሰኝም ያው ነበር የማደርገው።

ነገሳ ጀሪካኑን አምጥቶ እንደ ልማዱ በጎን ሊያልፍ ሲል እኔው በሩ ላይ ቆምሁ። ሐዊ መለኪያዋን ነከረች። ጠልቃ ቀረች። ድጋሚ ይታይ አለ፤ ድጋሚ ታየ። ያው። ሴቶቹ ሁሉ ከበው ነበር የሚያዩት።

"ይመለሳል፤ ይሸከሙት" አልሁት።

ጀሪካኑን እዚያው ጥሎ ሄደ። ከሰዓት ሚስቱ ኤፊ አንገቷን ደፍታ መጣች፤ ተሸከሚ ብሎ ልኳት ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሚስቱን! ልታነሳው ጎንበስ ስትል አዴ አሚራ እጇን ያዙ። "ያንቺ አይደለም፤ ባለቤቱ ይሸከመው። አንቺ ቤትሽ ግቢ" አሏት። ኤፊ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን እፎይ ብላ ነው የመሰለኝ።

ይሄው እስከ ዛሬ ጀሪካኑ በራችን ላይ ነው። ነገሳ አይወስደውም። ሴቶቹ አይነኩትም፣ አያስነኩም። መድፋት አይቻልም። ቀን ፀሐዩ ይመታዋል፣ ሌሊት ብርዱ ያቆየዋል፤ ተነፍቶ ሆዱ ወጥቷል፤ በክዳኑ ዙሪያ ቢጫ ውሃ ይወርዳል። ሽታው ቢሮዬ ድረስ ገብቶ ምሳ መብላት ትቻለሁ። ቦርዱ ትናንት ሲሰበሰብ ሁሉም አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ነበር፤ አጀንዳው "ልዩ ልዩ" ነው፤ ስለ ጀሪካኑ ግን አንድም ሰው አልተነፈሰም። ነገሳ ራሱ በሊቀመንበርነት ወንበሩ ተቀምጦ፣ ሽታው እየመጣበት፣ ስለ ለውጥ አስፈላጊነት ንግግር አደረገ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር በሕይወቴ አላየሁም።

መርማሪው የሚመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። በራችን ላይ ይሄን ካየ ምን እንደሚል አላውቅም።

አሁን ግልጹን ይንገሩኝ። ሴቶቹ በነገሳ በረት ከሦስቱ ሌላ ሁለት የእርስዎ ላሞች ይታለባሉ ይላሉ። እውነት ነው? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ። ስለ ሳልዎና ስለ ማሽላው ሌላ ጊዜ ይጽፉልኛል።

ጽጌሬዳ


ዴራ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጽጌሬዳ

መርማሪው ከመምጣቱ በፊት ያን ጀሪካን ከበሩ አስነሺው። ለዘበኛው ለካሣዬ ንገሪው፤ ሰው ሳያይ ወንዝ ወስዶ ይድፋው። ወንዝ መሬት አይደለም፤ ሴቶቹም አይከፋቸውም። ማን ደፋው ቢሉ አላየሁም ማለት ነው። ነገሳም ፊቱ ይተርፋል፣ አንቺም ውሉን ታተርፊያለሽ፣ ማኅበሩም ይድናል። ይሄን እንደ አባት ነው የምመክርሽ።

ስለ ላሞቹ በአካል ስንገናኝ እንነጋገራለን። በደብዳቤ የሚሆን አይደለም።

መርሻ


ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ መርሻ
ዴራ

ጤና ይስጥልኝ።

ጀሪካኑን ወንዝ አላስደፋሁትም። ካሣዬ ግን ሊደፋው ሞክሮ ነበር፤ እኔ ሳልነግረው። ነገሳ ነው የላከው። ሴቶቹ በሩ ላይ ተራ ገብተው ይጠብቁት ስለነበር ያዙት፤ እሱም በደስታ የላከውን ሰው ስም ነገራቸው።

መርማሪው ሐሙስ መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ገና መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለ። ነገሳ ከቦርዱ ጋር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ሊቀበለው ቆሟል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ነገሳ በዓይኑ ይለምነኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለአፍታ የእርስዎ ምክር ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። "ቆሻሻ ነው፣ ሊነሳ ነው" ማለት ምን ይከብዳል? አዴ አሚራ ግን እዚያው ቆመው ያዩኛል፤ ምራታቸውም አጠገባቸው ናት።

"የሊቀመንበራችን ወተት ነው" አልሁት። "ውሃ ስላለበት መልሰንበታል። እስኪወስደው እየጠበቅን ነው።"

መርማሪው ገብቶ የዕለቱን ወተት ከየዊጆው እየቀዳ ፈተሸ። ጊዜ ወሰደበት። ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ወረቀቱን ፈረመ፤ ውላችን ይቀጥላል። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ፤ አልፈረድሁበትም። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ቀን ይሄ ነበር፤ ለመደሰት ግን ፋታ አላገኘሁም።

መኪናው ከግቢ እንደወጣ ነገሳ ፈነዳ። "እኔን ብቻ ነው የምታዋርዱኝ? ግማሹ የኔ አይደለም!" ብሎ ጮኸ። ሕዝብ በሞላበት ነው የምልዎ። "የጋሽ መርሻ ላሞች እኔ ጋ ናቸው! የሳቸውንና የኔን ቀላቅዬ ነው በኔ ቁጥር የማስገባው! ውሃውንም አዲስ አላመጣሁትም፤ እሳቸው ወንበሩ ላይ እያሉም ይጨመር ነበር፤ እያወቁ ነበር የሚያስገቡት! የሳቸውን ድርሻ ዛሬም በየወሩ እወስድላቸዋለሁ!"

አዴ አሚራ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው፣ "ለካ እነሱም ዊጆ ነበራቸው" አሉ። አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አቶ መርሻ፣ ነገሳን ጠልቼዋለሁ፤ እሱ ግን ዓይን ያወጣ ሌባ ነው፤ አጨብጫቢነቱም ያስታውቃል። እርስዎ ግን ዊጆ ይቅር፣ የተቀላቀለ ወተት ኃላፊነት የለውም ብለው በእጅዎ ጻፉልኝ፤ የራስዎ ተቀላቅሎ እየገባ። ሴቶቹን እንዴት እንደማለዝባቸው ሲያስተምሩኝ፣ ወንበር ስጫት ጃኬት አሰፊላት ሲሉኝ፣ ከሁሉ ይልቅ ለውጡን እንቢ ያለው ሰው እርስዎ ነበሩ። የእኔን ደብዳቤ አንብበው ለነገሳ እየነገሩት፣ ማሩን እየበሉ፣ የጌታን ስም ከላይ እየጻፉ። እንደ አባት ነበር የማይዎት። ደብዳቤዎችዎን መልሼ ሳነባቸው ያ ጀሪካን የሚሸተኝን ያህል ሸተቱኝ።

ነገሳ ድርሻዬን ብቻ ነው የምሸከመው አለ። ተሸከመ ደግሞ። ጀሪካኑ ተከፍቶ ግማሹ ወደ ማኅበሩ ጀሪካን ተቀነሰለትና በዚያ ሙሉ ልብሱ፣ ቢጫው ውሃ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ፣ በገበያው መንገድ ሄደ። ወዴት ነው ያሉት ብዙ ናቸው።

የቀረው ግማሽ ምን ይሁን ተባለ። አንዳንዶቹ መርሻ ራሱ ይምጣና ይውሰድ አሉ። አዴ አሚራ "ደረቱ ብርድ አይችልም፤ ሽማግሌ አናንገላታም። ይላክለት" አሉ። ሚፍታ ተሳፋሪ ያስወርድብኛል ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ሴቶቹ ለምነው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳሰሩት። ክዳኑን በላስቲክ ጠምጥሜዋለሁ፤ ሲከፍቱት ፊትዎን ዞር ያድርጉ።

ከእንግዲህ የእርስዎ ላሞች ወተት በራሱ ቁጥር፣ ለብቻው ተፈትሾ ይገባል። ከወደቀ በዚሁ መንገድ ይደርስዎታል።

የላክንበት ጀሪካን የማኅበሩ ነው። አጥበው በሚፍታ ይመልሱልን።

ጽጌሬዳ